ከባዶ ካሴት እስከ ፊልም ማጀቢያ፤ አድማጭ የመረጠው ዜማ ታሪክ

በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) ለሕዝብ የቀረበው «ብሮክን ፍላወርስ» የተሰኘው የአሜሪካ ፊልም የሁለት ጎረቤታሞችን ነገር ያሳያል። አንደኛው ዶን ጆንስተን የሚባል፣ ገንዘብ ያላነሰው፣ ነገር ግን ከሶፋው ለመነሣት እንኳ ልብ ያጣ ጎልማሳ ነው። ሁለተኛው ዊንስተን ይባላል። ኢትዮጵያዊ ነው፤ የብዙ ልጆች አባት፣ ከአንድ በላይ ሥራ የያዘ፣ ከዚህም ተርፎ የሰው ምሥጢር መፈልፈል የሚወድ ሰው ነው። ዶን ፊርማ በሌለው ደብዳቤ የማያውቀው ወንድ ልጅ እንዳለው ሲነገረው፣ የቀድሞ ወዳጆቹን እየዞረ እንዲጠይቅ የሚገፋፋው ዊንስተን ነው። የጉዞውን ካርታ ያዘጋጅለታል፤ የሚከራየውን መኪና ይመድብለታል፤ በመጨረሻም በገዛ እጁ የገለበጠውን አንድ የሙዚቃ ሲዲ ይሰጠዋል። ዶን በኪራዩ መኪና ውስጥ ሲዲውን ከትቶ መንገድ ሲጀምር የሚሰማው የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ነው።

ስለዚህ ፊልም ብዙ ተጽፏል። በዚያው ዓመት በካን የፊልም በዓል «ግራን ፕሪ» የተባለውን ሽልማት ማግኘቱም የታወቀ ነው። ይሁንና የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ፊልሙ ሳይሆን ሲዲው ነው። አንድ ሰው ከሰማቸው ዘፈኖችና ከፊልም ማጀቢያዎች መካከል የወደደውን ለይቶ፣ ቅደም ተከተል ሰጥቶ፣ ለራሱ ወይም ለወዳጁ የሚያዘጋጀው ስብስብ፣ በከተሞቻችን «ኮሌክሽን» ሲባል የኖረው ማለት ነው፣ እስከ ዛሬ እንደ ቁም ነገር ተቆጥሮ ታሪኩ ብዙም አልተጻፈም። ስለ ዘፋኙ፣ ስለ ባንዱ፣ ስለ አሳታሚው ተጽፏል፤ መርጦ ስለሚያዳምጠው ሰው ግን ዝም ተብሏል። ከዚህም የተነሣ የሀገራችን ዘመናዊ ሙዚቃ ዛሬ በዓለም ፊት ይዞት የሚታየው መልክ፣ በአብዛኛው የጥቂት ግለሰቦች የግል ምርጫ ውጤት መሆኑን ልብ የሚል ሰው አነስተኛ ነው። ምርጫው ደግሞ የሰጠንም ያስቀረብንም ነገር አለ።

ወደ ራሳችን ጉዳይ ከመግባታችን በፊት ስለ ፊልም ዜማ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን ሙዚቃው ከፊልሙ ጋር ሳይሆን ከአዳራሹ ጋር ነበር። ከመጋረጃው ሥር የተቀመጠው ፒያኖ ተጫዋች ሥዕሉን እያየ የመጣለትን ይጫወት ነበር፤ ፊልሙ ሲያልቅ ዜማውም አብሮት ያልቃል። እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ድምፅ ከፊልሙ ጋር ሲታተም ግን የሙዚቃ ደራሲው ሥራ ለራሱ የቆመ ሙያ ሆነ። ማክስ ስታይነር እ.ኤ.አ. በ1933 ለ«ኪንግ ኮንግ» የደረሰው ሙዚቃ የዚህ መነሻ ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል። ቢሆንም ቅሉ ይህ ሙዚቃ ለሥዕሉ አሽከር ነበር፤ ተመልካች ወደ ቤቱ ይዞት አይሄድም።

ይዞት መሄድ የጀመረው ዜማው በሸክላ ሲታተም ነው። ለዚህ የሚስማማኝ ምሳሌ እ.ኤ.አ. የ1949 ፊልም የሆነው «ዘ ሰርድ ማን» ነው። ዲሬክተሩ ካሮል ሪድ ለቀረጻ ቪየና በነበረበት ጊዜ አንቶን ካራስ የሚባል፣ በመጠጥ ቤቶች ዚተር የተባለውን ባለ ብዙ ክር መሣሪያ እየተጫወተ የሚተዳደር ሰው ሰማ። ኦርኬስትራ የሚያህል ነገር ትቶ ሙሉውን ፊልም በዚያ በአንድ መሣሪያ አሳጀበ። ዜማው በሸክላ ወጥቶ ፊልሙን ባላዩ ሰዎች ቤት ሁሉ ተሰማ። ከዚህ በፊት ደግሞ እ.ኤ.አ. የ1942ቱ «ካዛብላንካ» በተቃራኒው መንገድ ሄዷል፤ ፒያኖ ተጫዋቹ የሚዘፍነውን ዘፈን ኸርማን ሃፕፌልድ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1931 ለመድረክ ትያትር ነበር፤ ፊልሙ የተረሳውን ዘፈን ከመቃብር አወጣው። በሕንድም ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። የፊልም ዘፈኖች ሸክላ ፊልሙ ከመታየቱ አስቀድሞ ለገበያ ስለሚወጣ ሕዝቡ ሲኒማ የሚገባው ዜማውን በቃሉ ይዞ ነው። እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የራጅ ካፑር «አዋራ» ዘፈን በሶቭየት ኅብረት ሳይቀር ቋንቋውን በማያውቅ ሕዝብ አፍ መግባቱ የዚህን ልማድ ኃይል ያሳያል።

ለራሱ ስብስብ ዜማ የሚመርጥ ሰው እንግዲህ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ሥዕሉ ሲነሣ ዜማው ብቻውን ይቆማል ወይስ ይወድቃል? እ.ኤ.አ. በ1966 ኤንዮ ሞሪኮኔ ለሰርጆ ሊዮኔ ፊልም ለ«ዘ ጉድ፣ ዘ ባድ ኤንድ ዘ አግሊ» የደረሰው ዜማ በፉጨትና እንደ ቀበሮ በሚጮህ ድምፅ የተሠራ ነው፤ ያለ ፈረስና ያለ ሽጉጥም ይቆማል። በዚህ ጸሐፊ ግምት ግን ትላልቅ ኦርኬስትራ የሚያናጉ ብዙ የፊልም ማጀቢያዎች ይህን ፈተና አያልፉም። ሲኒማ ቤት ውስጥ ሆድ ያባባው ዜማ እቤት በቴፕ ሲሰማ፣ ሙሽራዋ ከሄደች በኋላ እንደቀረ ዳስ ይሆናል። በአንጻሩ ድምፁ ቀጭን፣ መሣሪያው ጥቂት፣ አካሄዱ ቀላል የሆነው ብዙ ጊዜ ይኖራል። ጓደኞቼ በዚህ አይስማሙም፤ የሙግታችን ብዛት ግን ምርጫ ራሱ ሂስ መሆኑን ያስረዳል።

በአዲስ አበባ ይህን ሙግት ያስጀመሩት ሲኒማ ቤቶች ናቸው። ፒያሳ ላይ ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ ኢምፓየር፣ ወረድ ሲል አምባሳደር፣ መርካቶ በኩል አዲስ ከተማ ሲኒማ ሕዝብ ይስቡ ነበር። የሕንድ ፊልም ሲታይ ዜማውን በአፉ ሸምድዶ የሚወጣው ወጣት ቃላቱን ባይረዳም ሐዘኑና ፍቅሩ አልጠፋውም። የአሜሪካ ፊልም ደግሞ ዘፋኝ አፍርቷል። ነፍሱን ይማረውና ዓለማየሁ እሸቴ በወጣትነቱ በፊልም ያየውን የኤልቪስ ፕሬስሊን ጠጉር አበጣጠርና እንቅስቃሴ ወስዶ በፖሊስ ኦርኬስትራ መድረክ ላይ በአማርኛ አድሶታል፤ «የሐበሻ ኤልቪስ» መባሉም ከዚህ የመጣ ነው። በአሥመራ የነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ ሬዲዮም የሚያጫውተው ሙዚቃ ለብዙ ሙዚቀኞች የጆሮ ትምህርት ቤት ሆኖ አገልግሏል።

የሸክላው ዘመን በሀገራችን አጭር ነው። የሸክላ ማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ደንብ ለሀገር ፍቅር ማኅበር የተሰጠ ስለነበር የግል አሳታሚ አልነበረም ለማለት ይቻላል። ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣቱ አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ይህን ደንብ ተዳፍሮ በራሱ ስም ሸክላ ማውጣት ጀመረ። የመጀመሪያው የዓለማየሁ እሸቴ ሥራ ነበር። ዜማው እዚህ ይቀረጻል፤ ሸክላው ግን ሕንድና ቤሩት ታትሞ በመርከብና በአውሮፕላን ይመለሳል። አምሃ በ1967 ዓ.ም. ግድም ሀገር ለቆ እስኪወጣ ድረስ ከመቶ በላይ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችን አወጣ። ቀጥሎም አሊ ታንጎ እየተባለ የሚታወቀው አሊ አብደላ ካይፋ በራሱ ስም ሥራውን ቀጠለበት። የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» ከአይቤክስ ባንድ ጋር የተሠራውና በካይፋ የወጣው በእነዚህ ዓመታት ነው።

ሸክላ ግን ለመራጭ አይመችም። ትንሹ ሸክላ በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን ብቻ ይይዛል፤ እሱ ሲያልቅ ተነሥቶ መገልበጥ ወይም መለወጥ የግድ ነው። ሁለቱን ዘፈኖች ማን መረጣቸው ቢሉ አሳታሚው ነው። አድማጩ ያለው ሥልጣን መግዛት ወይም አለመግዛት ብቻ ነበር።

ይህን ሥልጣን ወደ አድማጭ ያዞረው ካሴት ነው። የሆላንዱ ፊሊፕስ ኩባንያ በሉ ኦተንስ የሚመራ የመሐንዲሶች ቡድን የሠራውን ትንሽ ካሴት እ.ኤ.አ. በ1963 በበርሊን የሬዲዮ ትርዒት ላይ አሳየ። መሐንዲሶቹ ያሰቡት ለቃለ መጠይቅና ለማስታወሻ የሚሆን፣ በኪስ የሚገባ መቅረጫ ነበር። ሕዝቡ ግን ሌላ ጥቅም አገኘለት። ስልሳ ደቂቃ የሚይዘው ካሴት በየገጹ ሠላሳ ደቂቃ አለው፤ ይህም ማለት በአንድ ገጽ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዘፈን ማለት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ባዶ ሆኖ ይሸጣል። ባዶ ሆኖ የሚሸጥ የሙዚቃ ዕቃ ከዚያ በፊት በተራው ሰው እጅ እንዲህ በስፋት ገብቶ አያውቅም።

በእኛ ከተሞች የባዶ ካሴት ጌታ ሙዚቃ ቤት ነበር። የ1970ዎቹን አዲስ አበባ የኖረ ሰው ያስታውሰዋል። መደርደሪያው እስከ ኮርኒሱ በካሴት ተሞልቶ፣ ከጠረጴዛው ኋላ ሁለት ቴፖች በሽቦ ተገናኝተው፣ አንዱ እያጫወተ ሌላው ይቀርጻል። ደንበኛው የሚፈልጋቸውን ዘፈኖች በወረቀት ጽፎ ከባዶ ካሴቱ ጋር አስረክቦ ይሄዳል፤ በቀጠሮው ቀን ተመልሶ ይወስዳል። የሚጽፈውም ድብልቅ ነው፤ ጥላሁን ገሠሠና ብዙነሽ በቀለ፣ ከእነርሱ ቀጥሎ ጂም ሪቭስ፣ ከዚያ የሕንድ ፊልም ዘፈን፣ ከዚያም የ«ዶክተር ዢቫጎ» ዜማ። አስተማሪ፣ ጸሐፊ፣ ሾፌር ሁሉም ለዚያ ወረቀት የፕሮግራም አዘጋጅ ነበር።

እኔም በወጣት መምህርነቴ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዤ ከአንድ ሙዚቃ ቤት ተራ ቆሜያለሁ። ባለቤቱ በዕድሜ የገፋ፣ መነጽሩን በግንባሩ ላይ የሚሰቅል ሰው ነበር። ዝርዝሬን ካነበበ በኋላ እርሳሱን አነሣ።

«መምህር፣ ይህን የሙላቱን ከሞሪኮኔው ፉጨት ኋላ አታድርገው» አለኝ።

«ለምን ጋሼ? ሁለቱም እኮ ያለ ቃል የሚሄዱ ናቸው» ብዬ ጠየቅሁ።

«ለዚህ ነዋ! ሁለት ቃል የሌላቸው ሲከታተሉ ሰው መስማት ይተውና ማውራት ይጀምራል። መሐላቸው ሒሩትን አግባ።»

የሒሩት በቀለን ዘፈን በመሐል አስገባሁ። ከዚያ በኋላ ባነበብኋቸው የሙዚቃ ሂሶች ውስጥ ስለ ቅደም ተከተል ከዚህ የበለጠ ትምህርት ያገኘሁበት የለም ብል ማጋነን አይሆንም። ሰውየው ማስታወሻ አልጻፈም፤ ስሙም በየትም መዝገብ የለም። ስንት ሺህ ጆሮ እንዳሠለጠነ ግን በከተማው ውስጥ ቆሞ መቁጠር ይቻል ነበር። ይህን ሲሠራ ለሒሩትም ለሙላቱም አንድ ሳንቲም እንዳልከፈለ ሳልጠቅስ ማለፍ አይገባኝም፤ ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ ገደብ ለረጅም ዓመታት ሲጸና የሌሊቱ ሙዚቃ ወደ ቤት ገባ። ጭፈራ ቤቶች ተመናመኑ፤ ባንዶች በትላልቅ ሆቴሎች ተወሰኑ፤ ሸክላ ማሳተም በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ቆመ። ካሴት ግን በኪስ ይገባል፤ በሩ ተዘግቶ ይሰማል፤ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ክሩ ሲላላ በእስክሪቢቶ ይጠቀለላል። እንዳይጠፋ የተፈለገ ቅጂ ከሆነ በጀርባው ያሉት ሁለት ትናንሽ ፕላስቲኮች ይሰበራሉ፤ ሐሳቡን የለወጠ ሰው ደግሞ ቀዳዳውን በፕላስተር ደፍኖ እንደገና ይቀርጽበታል። ከቅጂ ቅጂ ሲወሰድ የሹሹታው ድምፅ እየበዛ፣ ዘፋኙ ከዝናብ ውስጥ የሚዘፍን እስኪመስል ይደርሳል። የዚያ ዘመን ሰዎች አንዳንድ ዘፈን ያለዚያ ዝናብ ሲሰማ የጎደለው ይመስለናል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደረስን። እ.ኤ.አ. በ1984 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ የሙዚቃ ዝግጅት አስተናባሪ አንድ ወዳጁ ከኢትዮጵያ ይዞት የመጣውን የማሕሙድ አሕመድ ሸክላ ሰማ። ምን እንደሆነ አላወቀውም፤ እንዳይረሳው ሆኖ ግን ጆሮው ውስጥ ቀረ። ያደረገው ነገር የአዲስ አበባው የሙዚቃ ቤት ደንበኛ ከሚያደርገው የተለየ አይደለም። ሸክላውን በካሴት ገልብጦ፣ ገልብጦ፣ ለሚያውቃቸው ጋዜጠኞችና ሙዚቀኞች ላከ፤ ይህ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ዘፋኙን ፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1986 ክራምድ ዲስክስ የተባለው የቤልጅግ አሳታሚ «ኧረ መላ መላ»ን ለአውሮፓ አወጣ። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮም ፋልሴቶ በፈረንሳይ ቡዳ ሙዚክ በኩል «ኤትዮፒክ» የተባሉትን ተከታታይ ሲዲዎች ማሳተም ያዘ። የአምሃና የካይፋ ሸክላዎች ከመጋዘን አቧራ ወጥተው ለዓለም ደረሱ። ከእነርሱም አራተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው፣ ሙሉ በሙሉ የሙላቱ አስታጥቄ ሥራ ነው።

ሙላቱ በጅማ ተወልዶ፣ በዌልስና በለንደን ተምሮ፣ በቦስተኑ በርክሊ ኮሌጅ የተማረ የመጀመሪያው አፍሪካዊ መሆኑ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1966 በኒውዮርክ የላቲን አሜሪካን ምት ከኢትዮጵያ ቅኝቶች ጋር ያጣመሩ ሁለት ሸክላዎችን አውጥቶ ወደ ሀገሩ ተመለሰ። ባለ አምስት ድምፅ የሆኑትን ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺሆዬን በባለ አሥራ ሁለት ድምፁ የጃዝ ስምምነት ውስጥ መልካቸው ሳይጠፋ ማስቀመጥ ችግር ነው፤ ጥቂት ቢበዛ ቅኝቱ ይሰምጣል፤ ጥቂት ቢያንስ ጃዙ ይጠፋል። ሙላቱ ቪብራፎንና ዋሽንት መሳይ ቀጫጭን ድምፆችን ከላይ፣ ከባድ ባስ ከታች አድርጎ መሐሉን ክፍት ተወው። ከጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔት ጋር አንድ ስም የሚጋራው «የከርሞ ሰው» ባሱ ሲጀምር የአሜሪካዊውን ጃዝ ደራሲ የሆራስ ሲልቨርን እጅ ያስታውሳል፤ ሳክስፎኑ ሲገባ ግን ጥርጥር የሌለው ትዝታ ነው። በዘመኑ ሀገር ውስጥ እጅግ የተፈለገ ሙዚቃ ነበር ማለት አይቻልም። ሕዝቡ ቃል ያለው ዘፈን ይወድ ነበር፤ ያለ ቃል የሚሄደው ሙዚቃ ብዙ ጊዜ የሬዲዮ ዜና እስኪጀምር መጠበቂያ ሆኖ አገልግሏል።

ዲሬክተሩ ጂም ጃርሙሽ ይህን ሙዚቃ ወደደው። አንድ የሙዚቃ ወዳጅ ደግሞ የወደደውን ዜማ ለሰው ካላሰማ አይተኛም። በአሜሪካ ከተማ ዳር ስለሚኖር ሰው በሚያወሳ ፊልም ውስጥ የአዲስ አበባን ሙዚቃ በምን ሰበብ ማስገባት ይቻላል? ጃርሙሽ መልሱን በገጸ ባሕርይ ሰጠ፤ ጎረቤቱን ኢትዮጵያዊ አደረገው፤ ሲዲም አስገለበጠው። ስለዚህ ሙዚቃው የተመረጠው ለፊልሙ ነው ከማለት ይልቅ ዊንስተን የተፈጠረው ለሙዚቃው ነው ማለት ሳይቀል አይቀርም። ፊልሙ በወጣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሙላቱ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ተፈላጊ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2010 ናስና ዴሚየን ማርሊ «የግሌ ትዝታ»ን ቆርጠው ለራሳቸው ዘፈን መሠረት አደረጉት። ይህ ሁሉ ሲሆን ሙዚቀኛው ከስልሳ ዓመት በላይ ነበር።

እስካሁን የተነገረው ደስ የሚል ነው። ደስታው ግን ሙሉ አይደለም። መራጭ የሚወስደውን ያህል የሚተወውም አለ። ፋልሴቶ በቅንነትና በብዙ ድካም እንደሠራ አይካድም፤ ሆኖም የእርሱ ጆሮ የወደደው ከ1961 እስከ 1967 ዓ.ም. ያለውን፣ የናስ መሣሪያ የበዛበትን ሙዚቃ ነው። «ወርቃማው ዘመን» የተባለው ይኸው ነው። ስያሜው ሲደጋገም የውጭው አድማጭ ከዚያ በኋላ በኢትዮጵያ ሙዚቃ አልነበረም ብሎ እስኪያምን አደረሰው። በካሴት የወጣው የ1970ዎቹና የ1980ዎቹ ሥራ፣ አስቴር አወቀንና የሮሃ ባንድን የሰጠን ዘመን፣ እንደ ጥራጊ ተቆጠረ። ቃሉም ቀረ። ለውጭው ሰው ሙዚቃችን በይበልጥ ያለ ቃል የሚሄድ፣ ለመኪና ጉዞና ለማታ ቡና የሚስማማ ድባብ ሆነ። የሰም ለበስን ጥበብ፣ ሕዝቡ ሸክላ እየገዛ ያለቀሰበትንና የሣቀበትን ግጥም፣ በዚያ ሲዲ ውስጥ የሚያገኘው የለም። ዶን ጆንስተንም ስለ ሙዚቃው አንድ ጥያቄ አይጠይቅም።

የዚህን አመለካከት ጉድለት ያሳየው ሌላ መራጭ ነው። ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ የኦርጋን ተጫዋች ነበር፤ ባንዱ በ1973 ዓ.ም. ግድም አሜሪካ ለዝግጅት በሄደ ጊዜ እዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎችና ከከበሮ መምቻ ማሽን ጋር አዋሕዶ አንድ ካሴት ሠራ። ካሴቱ በሀገር ቤት ተሸጠ፤ ተገለበጠ፤ ተረሳ። ኃይሉ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነጂ ሆነ፤ ደንበኛ ሲጠብቅ ከመኪናው ኋላ ያስቀመጠውን ትንሽ ኦርጋን እያወጣ ይለማመድ ነበር። ከዚያ ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ በባሕር ዳር ከአንድ ካሴት ቤት ያንን ካሴት አገኘና ባለቤቱን ፈልጎ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመለት። ጥራጊ የተባለው ዘመን በአንድ አኮርዲዮን ተከራከረ። የዋልያስ ባልደረባው ግርማ በየነም እንዲሁ በአሜሪካ ለረጅም ዓመታት ከሙዚቃ ርቆ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ከፈረንሳዩ አካለ ውቤ ባንድ ጋር ወደ መቅረጫ ክፍል ተመልሷል።

የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ነገር ደግሞ ከሁሉም የተለየ ነው። በ1950ዎቹ ማብቂያ በጀርመን ሀገር የታተመው የፒያኖ ሸክላቸው የተሸጠው ለበጎ አድራጎት ነበር። «ኤትዮፒክ» ሃያ አንደኛውን ክፍል ለእርሳቸው ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2021 ርብቃ ሆል በዲሬክተርነት የሠራችው «ፓሲንግ» የተባለው ፊልም፣ በ1920ዎቹ የነበሩ የሃርለም ጥቁር ሴቶችን ኑሮ በጥቁርና ነጭ ሥዕል ሲያሳይ፣ የእማሆይን ፒያኖ መረጠ። እኒህ እናት በኢየሩሳሌም ገዳም ተወስነው ሳለ ዜማቸው በሃርለም ደረጃዎች ላይ ይወጣና ይወርድ ነበር። እዚህ ላይ ሥዕሉና ዜማው ምንም የሚያገናኛቸው የሌለ ይመስላል፤ ሲሰማ ግን ይገናኛሉ። ምክንያቱን ለማስረዳት ሞክሬ አልተሳካልኝም። በ2015 ዓ.ም. በዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ።

ከሀገር ልጆች ፊልም አንጻር ደግሞ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» (እ.ኤ.አ. 2008) መጠቀስ ይገባዋል። ሳክስፎን ተጫዋቹ ጆርጋ መስፍንና ቪጃይ አየር የደረሱለት ሙዚቃ ከተሰበሰበ ሸክላ የተቀዳ ሳይሆን ለፊልሙ የተወለደ ነው። ኮሌክሽን ለሚያዘጋጅ ወዳጅ የምመክረው እርሱን ነው፤ ከሥዕሉ ተለይቶ ይቆማል።

አሁን ወደተውኩት ጉዳይ ልመለስ። የሙዚቃ ቤቱ ጋሼ ያስተማረኝ ሰው ነው፤ ሆኖም በሌላ ሰው ላብ ይነግድ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለደራሲ የሚገባውን መብት ቢጠቅስም በተግባር የጠየቀበት ሰው ጥቂት ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ግለሰብ ለራሱ ብቻ አንድ ቅጂ ቢያደርግ አይከለክልም፤ የሚከለክለው ንግዱን ነው። መስመሩ በወረቀት ላይ ግልጽ ነው፤ በኑሮ ግን የእኔ የግል ምርጫ ያለ እርሱ ንግድ ባልተፈጸመ ነበር። ሙዚቀኞቻችን ባሕር ማዶ ታክሲ ሲነዱና የነዳጅ ማደያ ሲጠብቁ ዜማቸው በየቤታችን በነጻ ይጫወት ነበር። የእነ ፋልሴቶ ምርጫ ቢያንስ ስማቸውን በሽፋኑ ላይ ጽፏል፤ የእኛ ካሴት በእስክሪቢቶ «ምርጥ ቁጥር 3» ከሚል በቀር ምንም አልነበረበትም።

ካሴቱን ሲዲ፣ ሲዲውን ፍላሽ ተካው። በየመንገዱ «ሙዚቃ ይጫናል» የሚል ጽሑፍ የለጠፉ ትናንሽ ሱቆች የሙዚቃ ቤቱ ልጆች ናቸው፤ ልዩነቱ በአንድ ጣት በምታህል ሚሞሪ ውስጥ ሺህ ዘፈን መግባቱ ነው። ሠላሳ ደቂቃ ብቻ በነበረን ጊዜ አንዱን ለማስገባት ሌላውን መተው ግድ ይለን ነበር። አሁን ደግሞ የሰውየውን የማዳመጥ ልማድ እየቆጠረ፣ ቀጥሎ ይህን ስማ የሚል ስልክ አለ። ሒሩትን መሐል አግባ የሚል ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ያ ካሴቴ አሁንም አለኝ። ባለፈው ክረምት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ወደ ስልክ እገለብጥልሃለሁ ብሎ ቤቴ መጣ። ጀርባው የተሰበረ፣ ሽፋኑ የደበዘዘ ካሴት ነው። የመጀመሪያው ገጽ ያለ እንከን ተገለበጠ። በሁለተኛው ገጽ ሞሪኮኔ አለ፤ ሒሩት አለች፤ ከእርሷ ቀጥሎ «የከርሞ ሰው» ይጀምርና ሳክስፎኑ ሊመለስ ሲል ክሩ ያልቃል፤ ቀሪው በዚያን ዘመን አልገባልኝም ነበር። ተማሪዬ ስልኩን አየት አድርጎ «መምህር፣ ሙሉው እዚህ አለ፤ ጫፉን ልቀጥልበት?» አለኝ።

እንዳለ ተወው አልኩት።